«ዝለሉት» አንበል
ስለ አንድ ረጅም የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግሥ አከፋፈል፣ አነባበብና አካላት



በዚህ ግድግዳ ላይ ብዙ ጊዜ ስለ ማስተማር ዘዴ በጅምላው እንጽፋለን። ዛሬ ግን አንድ ቃል ብቻ ይዘን እንቀመጥ። ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፤ ረጅም ነው፤ በየመጽሐፉም አይጠፋም። በእኛ ፊደል ሲጻፍ አብዛኛው ሰው «አንፎርቹኔትሊ» ይለዋል። ትርጉሙ «እንዳለመታደል ሆኖ» ማለት ነው።

ቃሉን የመረጥንበት ምክንያት አለ። በማስተማር ልምምድ ወቅት በይፋት ቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት ብዙ በማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት፣ በ6ኛ ክፍል የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አንድ ዕጩ መምህር ሲያስተምር እከታተል ነበር። በመልመጃው ውስጥ «እንዳለመታደል ሆኖ ወንዙ ሞልቶ ነበር» የሚል የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር መጣ። ልጁ ቃሉ ላይ ሲደርስ ቆም አለና «ኡን፣ ፎር፣ ቱ፣ ና፣ ቴ፣ ሊ» ብሎ ስድስት ቦታ ቆራርጦ፣ ሁሉንም በእኩል ድምፅ አነበበው። ተማሪዎቹም በአንድ አፍ ተቀበሉት። ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ምን ማለት ነው?» አለች። «ረጅም ቃል ነው፤ ለጊዜው ዝለሉት» አላት።

በልጁ አልፈርድበትም። እኔም ተማሪ ሳለሁ ቃሉን ክብደቱን «ኔት» ላይ ጥዬ ነው የተማርኩት። ብዙ ዓመት ተሸክሜው ዞርኩ፤ ለራሴ ተማሪዎችም አወረስኩት። ነገሩ የሚያሳስበውም እዚህ ላይ ነው። የመምህር ስሕተት በአንድ ሰው አያበቃም፤ በየዓመቱ በአንድ ክፍል ልጅ ይባዛል።

በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርት ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን አድርጓል። በመሆኑም በ6ኛ ክፍል «ዝለሉት» የተባለች ልጅ 9ኛ ክፍል ስትገባ የዘለለችውን ዓይነት ቃል በሒሳቡም በሳይንሱም ታገኘዋለች። ያኔ ሁሉንም መዝለል አይቻልም። በይፋት ቆላ ልጆች ቤታቸው አማርኛ፣ አርጎብኛ፣ ኦሮምኛ ወይም አፋርኛ ነው የሚናገሩት። ሬዲዮና ስልክ ቢኖርም፣ ቆም ብሎ ረጅሙን ቃል የሚፈታላቸው መምህሩ ነው።

እንግዲህ ቃሉን እንፍታው።

1ኛ/ በቀለም መክፈል

ቀለም ስንል እዚህ የጽሕፈቱን ቀለም አይደለም። በአንድ አናባቢ ዙሪያ በአንድ ትንፋሽ የሚወጣውን የድምፅ ቁራጭ ነው። ግጥም የቆጠረ ሰው ያውቀዋል፤ የወል ቤት ስንኝ ስድስት በስድስት ነው የምንለው ቀለሙን ቆጥረን ነው።

ቀላሉ ዘዴ ይኸው፦ የእጅን ጀርባ ከአገጭ ሥር አድርጎ ቃሉን ቀስ ብሎ ማለት። አገጭ እጅን የሚነካበት ጊዜ ብዛት የቀለሙ ብዛት ነው። ቃላችን በትክክል ሲነገር አምስት ጊዜ ይነካል፦

አን – ፎር – ቸ – ነት – ሊ

ታዲያ ያ ዕጩ መምህር ስድስት ያደረገው ለምንድን ነው? ቃሉ በላቲን ፊደል ሲጻፍ 13 ፊደላት አሉት፤ ከእነዚህም ስድስቱ የአናባቢ ምልክቶች ናቸው። ነገር ግን ከ«ሊ» በፊት የምትቆመው «ኢ» የምትባለው ፊደል ድምፅ የላትም። ትጻፋለች እንጂ አትነበብም። እሱ አነበባት፤ ስለዚህም «ቴ» የሚል ትርፍ ቀለም ተወለደ። ተማሪዎች ደግሞ ሲጽፉ ተቃራኒውን ይሠራሉ፤ አትሰማም ብለው ይጥሏታል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማስተማር ነው፦ በአፍ የለችም፣ በጽሑፍ አለች።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ እሱ ከራሳችን ፊደል የሚመጣ ነው። የእኛ ሆሄ ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይይዛል። ሳድሱ ግን አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ የለውም። ስለዚህ ሆሄ መቁጠርና ቀለም መቁጠር አንድ አይደሉም። «ስትሪት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ብንወስድ በእኛ አጻጻፍ አራት ሆሄ ነው፤ በእንግሊዝኛ አፍ ግን አንድ ቀለም ብቻ ነው። የእኛ ተማሪ «እስቲሪት» ብሎ ሦስት ያደርገዋል። በያዝነው ቃልም «ነትሊ» የሚለው ላይ «ት»ን አናባቢ ሰጥቶ «ነቲሊ» የሚል አይጠፋም። አገጩን እንዲቆጥር ማድረግ ነው፤ ትርፉን ራሱ ያገኘዋል።

2ኛ/ የሚነሣው የቱ ነው?

በአማርኛ የቃልን ትርጉም የሚለውጠው መጥበቅና መላላት ነው። «ዋና» ሲላላ በውኃ ላይ የሚዋኘው ነው፤ ሲጠብቅ ዋነኛው ማለት ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። ድምፃችንን ግን በቀለሞቹ ላይ ከሞላ ጎደል እኩል እናከፋፍላለን። እንግሊዝኛ እንዲህ አይደለም። በአንድ ቃል ውስጥ አንዱን ቀለም ከፍ፣ ረዘም፣ ጎላ ያደርገዋል፤ ሌሎቹን ያኮስሳቸዋል። «ስትረስ» የሚሉት ይኸው ነው፤ እኛ እዚህ «ማንሣት» እንበለው።

«ማንሣት» ያልነውም ያለ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ የሚባሉትን የግእዝ ንባብ ዓይነቶች ያውቃል። የንባብ መምህር ወዳቂውን ያነሣ ልጅ ሲሰማ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ይመልሰዋል። እንግዲህ የቃል ድምፅ የሚነሣበትና የሚወድቅበት ቦታ እንዳለው ማወቅ ለእኛ አገር ትምህርት እንግዳ አይደለም። እንግሊዝኛ ክፍል ስንገባ ብቻ እውጭ ጥለነው እንገባለን።

በቃላችን የሚነሣው ሁለተኛው ቀለም ነው፦

አን – «ፎር» – ቸ – ነት – ሊ

ሌሎቹ ምን ይሆናሉ? ይደክማሉ። «ቹ» ሊባል የሚችለው ወደ «ቸ» ይጠጋል፤ «ኔት» የሚመስለው «ነት» ይሆናል። የማይነሣ ቀለም አናባቢ ከእኛ ግዕዝ ወይም ሳድስ ድምፅ ጋር ይቀራረባል ብሎ መያዝ ለጀማሪ ይረዳል። በጽሑፍ «ቱ» የሚመስለው ለምን «ቸ» ሆነ ለሚል ተማሪ፣ «ፒክቸር» የሚለውን ያስታውስ፤ እዚያም በጽሑፍ «ት» ናት፣ በአፍ ግን «ቸ» ትባላለች። «ፎር» ላይ ያለችውን «ር» ብዙዎቹ እንግሊዞች አያሰሟትም፣ አሜሪካኖች ያሰሟታል። ሁለቱም ያስኬዳል፤ መምህሩ አንዱን መርጦ ይጽና።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። ተማሪን «ፎርን ጠበቅ አድርገህ በለው» ካሉት እንደ አማርኛው «ፍ»ን ያጠብቃታል። ማንሣት ማጥበቅ አይደለም። የሚነሣው ተነባቢው ሳይሆን ቀለሙ በሙሉ ነው፤ ይልቁንም አናባቢው ረዘም ይላል።

ማንሣት ትርጉም እንደሚለውጥ ለማሳየት «ሪከርድ» የሚለው ቃል ይበቃል። የመጀመሪያው ቀለም ሲነሣ ስም ነው፤ መዝገብ ወይም ክብረ ወሰን ማለት ነው። ሁለተኛው ሲነሣ ግሥ ነው፤ መዘገበ፣ ቀረጸ ማለት ነው። አጻጻፉ ግን አንድ ነው።

በይፋት ለምታስተምሩ ደግሞ ይህን ልጨምር። በአፋርኛ ስሞች ላይ ድምፅ የሚነሣበት ቦታ ወንዴንና ሴቴን ለመለየት የሚያገለግልበት ጊዜ አለ። የቅርብ ዘመዱ በሆነው በሶማልኛም «ኢናን» የሚለው ቃል ፊቱ ሲነሣ ወንድ ልጅ፣ ኋላው ሲነሣ ሴት ልጅ ማለት ነው። ስለዚህ አፋርኛ ተናጋሪው ተማሪ ለማንሣት የተዘጋጀ ጆሮ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ከአማርኛ ተናጋሪው መምህሩ ሊቀድምም ይችላል። በሌላ በኩል በአፋርኛ የራሱ ድምፆች ውስጥ «ቸ» ስለሌለች «ፎርተነትሊ» ቢል አይሣቅበት። ጎበዝ የሆነበትን አመስግኖ የቸገረውን ማሳየት ነው።

ማንሣት የት እንደሚውል በግምት አይሠራም፤ መዝገበ ቃላት ይታያል። እንደ ኦክስፎርድ አድቫንስድ ለርነርስ ያሉ የተማሪ መዛግብተ ቃላት ከሚነሣው ቀለም በፊት ከላይ በኩል ትንሽ ቀጥ ያለች ጭረት ያደርጋሉ። ያቺን ጭረት ሳያዩ ለነገ ትምህርት አለመዘጋጀት ነው።

3ኛ/ በትርጉም አካላት መክፈል

ሽንኩርት የሸዋ ሮቢት ሰው ያውቀዋል፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የሚላጠው። ቃሉንም እንዲሁ እንላጠው።

ሀ. የመጨረሻው ልጣጭ «ሊ» የሚለው ባዕድ መድረሻ ነው። ቅጽልን ተውሳከ ግሥ ያደርጋል። አመጣጡ ከጥንት እንግሊዝኛ ሲሆን፣ ሥሩ «አካል፣ መልክ» የሚል ትርጉም ነበረው። እኛም «በሚያሳዝን መልክ» እንል የለም? ነገሩ ይመሳሰላል።

ለ. ቀጥሎ «አን» የሚለው ባዕድ መነሻ ይነሣል። አፍራሽ ነው፤ እንደ እኛ «አለ–» ወይም ከግእዝ እንደመጣው «ኢ–» ያለ ሥራ አለው፤ «ኢሰብአዊ» እንደምንለው።

ሐ. ከዚያ በጽሑፍ «ኤት» የሚመስለው መድረሻ ይገኛል። ስሙን ቅጽል የሚያደርገው እሱ ነው፤ እንደ እኛ «–ኛ»።

መ. እምብርቱ «ፎርቹን» ነው፤ ዕድል ማለት ነው። ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው።

ወደ ኋላ ስንገነባው፦ ዕድል፤ ዕድለኛ፤ ዕድለኛ ያልሆነ፤ እንዳለመታደል ሆኖ። ተማሪው አንድ ቃል ሳይሆን አራት ቃላት አገኘ ማለት ነው። አንድ ቃል ውስጥ የጥንት እንግሊዝኛውና የላቲኑ መቀላቀላቸው አያስገርምም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የፈረንሳይኛ ቃላት በብዛት ገብተዋል። ሰንበቴ ገበያ እሑድ ቀን ቆሞ የሰማ ሰው ቋንቋዎች ጎን ለጎን ሲውሉ እንዴት እንደሚዋዋሱ አይጠፋውም።

አሁን አንድ ጠቃሚ ነገር እናስተውል። ከ«ፎርቹን» ጀምሮ እስከ ረጅሙ ቃል ድረስ የሚነሣው «ፎር» እንደሆነ ይቆያል። «አን»ም ሆነ «ሊ» ቢጨመሩ ቦታውን አይነቅሉትም። ሌሎች መድረሻዎች ግን ይነቅሉታል። «ፎቶግራፍ» በእንግሊዝኛ «ፎ» ላይ ይነሣል፤ «ፈቶግረፊ» ሲሆን «ቶ» ላይ፤ «ፎተግራፊክ» ሲሆን ደግሞ «ግራ» ላይ። ስለዚህ «ሊ» ያለበት ረጅም ቃል ሲያጋጥም መጀመሪያ «ሊ»ን አንሥቶ ከሥሩ ያለውን ቅጽል ማንበብ ነው። ቅጽሉ የተነሣበት ቦታ ለተውሳከ ግሡም ያው ነው።

4ኛ/ ሁለቱ አከፋፈሎች ለምን አይገጥሙም?

በቀለም ስንከፍል አምስት ሆነ፤ በትርጉም ስንከፍል አራት ሆነ። ብዙ ዕጩ መምህራን የሚምታታባቸው እዚህ ነው። «ነት» በሚለው ቀለም ውስጥ ያለችውን «ን» ተመልከቱ። በትርጉም የ«ፎርቹን» መጨረሻ ናት። በአፍ ግን ከኋላዋ አናባቢ ስላገኘች ወደሚቀጥለው ቀለም ተሻገረች። አፍ ትርጉም አይጠብቅም፤ የሚመቸውን ይዞ ይሄዳል።

ይህ የእንግሊዝኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። የራሳችንን «ባለመታደል» እንይ። በትርጉም አካላቱ በ፣ አለ፣ መ፣ ታደል ነው። «በ» እንደ «ሊ»፣ «አለ» እንደ «አን» ያገለግላሉ። «ታደል» ደግሞ የ«ዕድል» ዘመድ ነው። በአፍ ሲባል ግን «ት»ም «ድ»ም ይጠብቃሉ፤ ቀለሙም ባ–ለ–መት–ታድ–ደል ይሆናል። «በ» እና «አለ» ተዋሐዱ፤ የጠበቀችው «ት» ለሁለት ቀለም ተካፈለች። እሱም አጋጣሚ ሆኖ አምስት ቀለም ነው። ይህን በአማርኛ ያየ ተማሪ በእንግሊዝኛው አይደነግጥም።

ሁለቱም አከፋፈል ያስፈልጋል። የቀለሙ ለአፍ ነው፤ የአካላቱ ለትርጉምና ለጽሕፈት ነው። አንዱን በሌላው ቦታ ማስገባት ነው ስሕተቱ።

5ኛ/ በዓረፍተ ነገር ውስጥ

ተውሳከ ግሥ ሁሉ ግሡን ይገልጻል ብለን አስተምረን እንጨርሳለን። ይህ ቃል ግን ብዙውን ጊዜ ከዓረፍተ ነገሩ ፊት ቆሞ፣ ነጠላ ሰረዝ አስከትሎ የተናጋሪውን ስሜት ይገልጻል። ደጋው ላይ ሲዘንብ የሮቢ ወንዝ ቆላው ላይ ይሞላል። ወንዙ የሞላው «ባለመታደል አኳኋን» አይደለም፤ እንደ ወትሮው ነው የሞላው። ያልታደለው ለመሻገር የመጣው ሰው ነው። ስለዚህ ሲተረጎም «እንዳለመታደል ሆኖ» ወይም በንግግር «ምን ይሆናል፣ ወንዙ ሞልቶ ነበር» ማለት ይስማማዋል።

6ኛ/ በክፍል ውስጥ እንዴት ይሠራ?

ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የካርቶን ቁራጭና አምስት ልጆች ይበቃሉ።

ሀ. አምስቱን ቀለሞች በአምስት ካርቶን ጽፎ አንድ አግዳሚ ላይ ለተቀመጡ አምስት ልጆች መስጠት። እያንዳንዱ የራሱን ይበል።

ለ. ሁለተኛው ልጅ ቀለሙን ሲል ብድግ ይበል። ተነሽ ማለት ይኸው ነው። ሌሎቹ ተቀምጠው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ፈጠን ብለው ይበሉ። ጭብጨባ ብቻ ከሆነ ሁሉም እኩል ይመታና ስሕተቱን ያጸናዋል።

ሐ. ክፍሉ በሙሉ ከኋላ ወደ ፊት ይገንባው፦ ሊ፤ ነትሊ፤ ቸነትሊ፤ ፎርቸነትሊ፤ አንፎርቸነትሊ። ከኋላ የተነሣ ተማሪ መጨረሻው ላይ አይደክምም።

መ. ቀጥሎ ካርቶኖቹን ገልብጦ አራቱን የትርጉም አካላት መጻፍ። አንዱ ልጅ ትርፍ ይሆንና ይቀመጣል። ለምን እንደተረፈ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይናገሩ።

ሠ. በዚያው መልክ ሁለት ቃላት መጨመር። አንዱ ከሒሳብ «አፕሮክሲሜትሊ» ነው፤ በግምት ማለት ነው፦ አ–«ፕሮክ»–ሲ–መት–ሊ። ሌላው «ኢሚዲየትሊ» ነው፤ ወዲያውኑ ማለት ነው፦ ኢ–«ሚ»–ዲ–የት–ሊ። ሁለቱም አምስት አምስት ቀለም አላቸው፤ ሁለቱም ሁለተኛው ላይ ይነሣሉ፤ በሁለቱም በጽሑፍ «ኤት» የሚመስለው በአፍ ደካማ ነው። አንዱን የፈታ ሦስቱን ፈታ።

የዚያን ቀን ከክፍል ወጥተን ከዕጩ መምህሩ ጋር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ቃሉን በጣቱ ጉልበቱን እየመታ ደጋግሞ አለው። በመጀመሪያ «ፍ»ን አጠበቃት፤ ኋላ ግን ተስተካከለ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ልጆቹን በአግዳሚው አስቀምጦ አሠራቸው። ያቺ የጠየቀችው ልጅ ካርቶን አልደረሳትም ነበር። ሲጨርሱ ግን የሒሳብ መጽሐፏን ገልጣ አንድ ሌላ ረጅም ቃል አሳየችውና «ይሄስ የት ላይ ነው የሚነሣው?» አለችው። መልሱን ወዲያው አላወቀውም። ነገር ግን «ዝለይው» አላላትም፤ «ነገ መዝገበ ቃላት አይቼ እነግርሻለሁ» አላት፤ በማግሥቱም ነገራት።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ መምህር ሁሉን ቃል ሊያውቅ አይችልም። ቃልን የሚፈታበትን መንገድ ግን ማወቅ ይገባዋል፤ ይህንኑም ለተማሪው ማሳየት ይገባዋል። እናንተንም ያስቸገራችሁ ረጅም ቃል ካለ በወረቀት ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ስጡን። በሚቀጥለው ጊዜ አብረን እንከፍለዋለን።